መድኃኒት የተላመደ የጨጓራ ባክቴሪያና ከዕፅዋት የሚገኙ ንጥረ ነገሮች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሐዋሳ ውስጥ በአንድ መድኃኒት ቤት የምሠራ ፋርማሲስት ነኝ። ስለ ጨጓራ ሊጠይቁኝ ከሚመጡት ሰዎች አብዛኞቹ የሚያነሡት ጉዳይ ተመሳሳይ ነው፦ «መድኃኒቱ አልሠራልኝም፤ ጥቁር አዝሙድ ልጀምር?»፣ «ነጭ ሽንኩርት ባክቴሪያውን ይገድለዋል የሚባለው እውነት ነው?» ሰው ተሰልፎ እየጠበቀ እንዲህ ላለው ጥያቄ በቂ መልስ መስጠት ስለማይቻል እዚህ ዘርዘር አድርጌ ጽፌዋለሁ። የእኔ አቋም ይህ ነው፦ ዕፅዋት ኤች ፓይሎሪ የተባለውን፣ መድኃኒት የተላመደ የጨጓራ ባክቴሪያ ለማሸነፍ ብዙ ሊያግዙን ይችላሉ፤ የሚያግዙን ግን ከመድኃኒቱ ጎን ተሰልፈው እንጂ መድኃኒቱን አስጥለው አይደለም። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኤች ፓይሎሪ ምን ዓይነት ባክቴሪያ ነው?

ሙሉ ስሙ ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ ነው። ቅርጹ ጠመዝማዛ ሲሆን፣ ጭራ በሚመስሉ ክሮቹ እየዋኘ የጨጓራን ግድግዳ በሸፈነው ዝልግልግ ፈሳሽ ሥር ይደበቃል። የጨጓራ አሲድ አብዛኞቹን ተሕዋስያን ይገድላል። ይህኛው ግን ዩሪዬዝ በተባለ ኢንዛይሙ ዩሪያን ወደ አሞኒያ እየለወጠ በዙሪያው ያለውን አሲድ ያለዝባል፤ የመኖሩ ምሥጢርም ይኸው ነው።

አውስትራሊያውያኑ ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል በ1982 ባክቴሪያውን ከጨጓራ ናሙና ለይተው ሲያሳድጉ፣ የጨጓራ ቁስለት ከጭንቀትና ከቅመም ይመጣል የሚለው እምነት በሐኪሞች ዘንድ ጸንቶ ነበር። ማርሻል በ1984 ባክቴሪያውን በራሱ ላይ ሞከረው፤ ጠጥቶት ጨጓራው ተቆጣ። ሁለቱም በ2005 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ደግሞ በ1994 ባክቴሪያውን ካንሰር አምጪ ከሆኑት ተርታ መድቦታል። ይህን ሰምታችሁ አትደንግጡ። ባክቴሪያው በዓለም ላይ የግማሽ ያህሉ ሕዝብ ጨጓራ ውስጥ እንደሚኖር ይገመታል፤ አብዛኛው ሰው ምንም ሳይሰማው ከእርሱ ጋር ይኖራል፤ ወደ ጨጓራ ካንሰር የሚያደርሳቸው ከመቶ ከአንድ እስከ ሦስት የሚሆኑትን ብቻ ነው።

«መድኃኒት ተላመደ» ሲባል ምን ማለት ነው? እኔ የጨጓራ መድኃኒት ወስጄ አላውቅም፤ የእኔ ባክቴሪያ ከየት ተማረው?

ይህ ጥያቄ ከሁሉም በላይ ሊጤን የሚገባው ነው። የሚላመደው ባክቴሪያው እንጂ የሰውየው አካል አይደለም። ባክቴሪያው ሲባዛ በዘረ መሉ ላይ ጥቃቅን ለውጦች ይፈጠራሉ። ከእነዚህ አንዱ መድኃኒቱ የሚያርፍበትን ቦታ ከቀየረው፣ መድኃኒቱ ሌሎቹን ሲገድል የተለወጠው ይተርፋል፤ ቦታውንም ብቻውን ይወርሳል። ክላሪትሮማይሲን የተባለውን አንቲባዮቲክ የሚቋቋመው ኤች ፓይሎሪ እንዲህ ያለ የተለወጠ ባክቴሪያ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2017 አዲስ መድኃኒት በአስቸኳይ ያስፈልጋቸዋል ካላቸው ተሕዋስያን ዝርዝር ውስጥ አስገብቶት ነበር።

አሁን ወደ እርስዎ እንምጣ። የጨጓራ መድኃኒት ወስደው አያውቁ ይሆናል። ግን ሆድዎን በታመሙ ቁጥር «አሜባ ነው»፣ «ጃርዲያ ነው» ተብሎ ሜትሮኒዳዞል ወይም ቲኒዳዞል አልወሰዱም? ሳል ሲይዝዎ አዚትሮማይሲን ገዝተው አልዋጡም? ኤች ፓይሎሪ በእነዚያ ቀናት ሁሉ ጨጓራዎ ውስጥ ነበር። ሜትሮኒዳዞልን የለመደ ባክቴሪያ ቲኒዳዞልንም ይለምዳል፤ አዚትሮማይሲን ደግሞ የክላሪትሮማይሲን የቅርብ ዘመድ ነው። በአፍሪካ ሜትሮኒዳዞልን የሚቋቋመው ኤች ፓይሎሪ እጅግ የበዛው ለአሜባና ለጃርዲያ እየተባለ ለዘመናት በገፍ ሲዋጥ ስለኖረ ነው። ያለ ማዘዣ «ሁለት ፍሬ ስጠኝ» ሲሉኝ እንቢ የምለው ልብ ስለሌለኝ አይደለም።

ሁለት ጊዜ ሙሉ መድኃኒት ወስጄ «አሁንም አለብህ» ተባልኩ። ባክቴሪያው ተላምዷል ማለት ነው?

ሊሆን ይችላል። ከዚያ በፊት ግን የተመረመሩት በምን እንደሆነ ይንገሩኝ። ከደም የሚሠራው ምርመራ የሚፈልገው ባክቴሪያውን ሳይሆን ሰውነትዎ ባክቴሪያውን ለመከላከል ያመረተውን ፀረ እንግዳ አካል ነው። ይህ ደግሞ ባክቴሪያው ከጠፋ በኋላም ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ደም ውስጥ ይቆያል። ስለዚህ ድነው ሳለ የደም ምርመራው «አለ» ሊል ይችላል። ሰው ይህን ሳያውቅ ሦስተኛና አራተኛ ዙር አንቲባዮቲክ ሲውጥ፣ ወይም ተስፋ ቆርጦ ወደማያውቀው ቅጠል ሲዞር ሳይ በጣም ያሳዝነኛል።

መዳንን የሚያረጋግጡት ከሰገራ ላይ የባክቴሪያውን አካል የሚፈልገው ምርመራና በትንፋሽ የሚደረገው የዩሪያ ምርመራ ናቸው። እነርሱም ጊዜ ይፈልጋሉ። አንቲባዮቲኩ ካለቀ ቢያንስ አራት ሳምንት ማለፍ አለበት፤ ኦሜፕራዞልና መሰሎቹ አሲድ ቀናሾች ደግሞ ሁለት ሳምንት ቀደም ብለው መቆም ይኖርባቸዋል። ኦሜፕራዞል እየወሰዱ ቢመረመሩ ባክቴሪያው አንገቱን ስለሚደፋ ምርመራው «የለም» ብሎ ሊያታልልዎ ይችላል። ምርመራው በትክክል ተሠርቶ «አለ» ካለ፣ መድኃኒቱ በየቀኑ በሰዓቱ ተወስዶ ካለቀም፣ ያን ጊዜ መላመድን መጠርጠር ተገቢ ነው።

እንግዲያውስ ሐኪሞች ለተላመደው ምን ይሰጣሉ?

በብዛት የሚታወቀው ኦሜፕራዞል፣ አሞክሲሲሊንና ክላሪትሮማይሲን አንድ ላይ የሚሰጡበት ሕክምና ነው። ክላሪትሮማይሲንን የሚቋቋመው ባክቴሪያ ከመቶ 15 በበለጠበት አካባቢ ይህን ሕክምና በግምት መስጠት እንደማይገባ ዓለም አቀፍ መመሪያዎች ይናገራሉ። አሁን ሚዛኑ ያጋደለው ቢዝሙት፣ ቴትራሳይክሊን፣ ሜትሮኒዳዞልና አሲድ ቀናሽ አብረው ለ14 ቀናት ወደሚወሰዱበት ሕክምና ነው። ቢዝሙትን ባክቴሪያው እምብዛም አይላመደውም። ምላስንና ሰገራን ያጠቁራል፤ ከዚህ የተነሣ ደንግጠው የሚያቋርጡ ስላሉ አስቀድሜ እነግራቸዋለሁ። ቴትራሳይክሊን ከወተት ጋር አይወሰድም፤ ለነፍሰ ጡርና ለትንሽ ልጅም አይሰጥም።

ይህ ሁሉ ካልሠራ ሌቮፍሎክሳሲንና ሪፋቡቲን አሉ። እነዚህን ያነሣኋቸው ስለ ዕፅዋት የምለውን ስለሚያስረዱልኝ ነው። ሪፋቡቲን የቲቢው መድኃኒት የሪፋምፒሲን ወንድም ነው፤ ሌቮፍሎክሳሲን ደግሞ መድኃኒት የተላመደ ቲቢን ለማከም የምንጠብቀው ነው። ቲቢ በስፋት ባለበት አገር እነዚህን ለጨጓራ እንደልብ መበተን ነገ ሳንባ ላይ የምንከፍለው ዕዳ ይሆናል። ሌላ አማራጭ ማግኘት ለእኛ ከሌላው ዓለም በበለጠ አስቸኳይ ነው። ከዕፅዋት የሚገኙትን ንጥረ ነገሮች በጉጉት የምከታተላቸውም ለዚህ ነው።

ከዕፅዋት የሚገኝ ንጥረ ነገር ባክቴሪያውን በምን መንገድ ያጠቃዋል?

እንደየንጥረ ነገሩ ይለያያል። አንዳንዱ የባክቴሪያውን ሽፋን ይበሳል። አንዳንዱ ዩሪዬዝን ያሰናክላል፤ ባክቴሪያው አሲዱን ማለዘብ ሲያቅተው ጨጓራው ራሱ ይጨርሰዋል። የባሚያ ፍሬ ውስጥ ያለው ዝልግልግ ነገር በቤተ ሙከራ እንደታየው ባክቴሪያውን አይገድለውም፤ ነገር ግን ከጨጓራ ግድግዳ ጋር እንዳይጣበቅ ያደርገዋል። ሌላው ደግሞ ባክቴሪያዎቹ ተሰባስበው የሚሠሩትን መከላከያ ሽፋን ያፈርሳል።

ተስፋ የሚሰጠው ጥቃቱ መድኃኒቶቻችን በማይነኩት ቦታ ላይ ማረፉ ነው። ክላሪትሮማይሲን የሚያርፍበትን ቦታ የቀየረ ባክቴሪያ ዩሪዬዙን አልቀየረም። የቻይና ባህላዊ ሕክምና ከሚጠቀምበት ዳንሸን ከተባለ ሥር የተገኘው ዳይሃይድሮታንሺኖን በ2021 በታተመ ጥናት ላይ መድኃኒት የተላመዱትን የኤች ፓይሎሪ ዝርያዎች በቤተ ሙከራም በአይጦች ጨጓራም አጥቅቷል። ከአይጥ እስከ ሰው ያለው መንገድ ግን ረጅም ነው።

ጥቁር አዝሙድ ይሠራል?

በየቀኑ የምጠየቀው ይህን ስለሆነ ዘለግ አድርጌ እመልሳለሁ። ጥቁር አዝሙድ ከሌሎቹ የሚለየው በሰው ላይ ተሞክሮ ቁጥር ያለው በመሆኑ ነው። በ2010 ከሳዑዲ ዓረቢያ የታተመ ጥናት ባክቴሪያው ያለባቸውን 88 አዋቂዎች በአራት ቡድን ከፈለ። አንዱ ቡድን የተለመደውን የሦስት መድኃኒት ሕክምና ወሰደ፤ ሦስቱ ቡድኖች ደግሞ ኦሜፕራዞል ከተፈጨ ጥቁር አዝሙድ ጋር በቀን 1፣ 2 ወይም 3 ግራም ወሰዱ። የተለመደው ሕክምና ከመቶ 82.6 የሚሆኑትን አዳነ። ሁለት ግራም ጥቁር አዝሙድ የወሰዱት ከመቶ 66.7፣ አንድ ግራም የወሰዱት 47.6፣ ሦስት ግራም የወሰዱት 47.8 ዳኑ።

እነዚህን ቁጥሮች ቆም ብለው ይመልከቷቸው። ሁለት ሦስተኛ የሚሆን ሰው በቅመምና በኦሜፕራዞል ብቻ መዳኑ ቀላል ነገር አይደለም፤ ባየሁት ጊዜ ተደንቄያለሁ። ሆኖም በየቡድኑ የነበሩት ሃያ ገደማ ሰዎች ናቸው፤ በዚህ መጠን ላይ ሁለት ሦስት ሰው ወዲህ ወዲያ ቢል ውጤቱ ይለወጣል። መጠኑ ወደ ሦስት ግራም ሲያድግ ውጤቱ መውረዱም «ብዙ በወሰድኩ ቁጥር ይሻለኛል» ለሚሉ ትልቅ ማስጠንቀቂያ ነው። ጥናቱ የተደረገው መድኃኒት በተላመደ ባክቴሪያ ላይ ተለይቶም አይደለም። ሐኪሞች ዛሬ ከአንድ ሕክምና የሚጠብቁት ከመቶ 90 እና ከዚያ በላይ እንዲያድን ነው።

ስለዚህ መልሴ እንዲህ ነው፦ ጥቁር አዝሙድ በትልቅ ጥናት ሊፈተን የሚገባው ቅመም ነው፤ ዛሬ ግን ብቻውን የታዘዘልዎትን መድኃኒት አይተካም። በድፎ ዳቦና በበርበሬ ውስጥ መመገቡን አልከለክልም። በማር ለውሶ እንደ መድኃኒት በየማለዳው መውሰድ ከፈለጉ ለሐኪምዎ ይንገሩ፤ በተለይ የስኳር ሕመም መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ፣ ጥቁር አዝሙድ ስኳርን ሊያወርድ ስለሚችል ከመድኃኒቱ ጋር ተደርቦ ሊያዞርዎ ይችላል።

ነጭ ሽንኩርት በባዶ ሆድስ?

አሊሲን፣ ማለትም ነጭ ሽንኩርት ሲደቆስ የሚወጣው ያ የሚሸት ንጥረ ነገር፣ በቤተ ሙከራ ሳሕን ላይ ኤች ፓይሎሪን ይገድላል። ይህ ሐሰት አይደለም። በ1999 አሜሪካ ውስጥ ተመራማሪዎች ባክቴሪያው ላለባቸው 12 ሰዎች ከምግብ ጋር ነጭ ሽንኩርት፣ በሌላ ጊዜ ቃሪያ፣ በሌላ ጊዜ ደግሞ ቢዝሙት ሰጡና የባክቴሪያውን መጠን በትንፋሽ ለኩ። ባክቴሪያውን የቀነሰው ቢዝሙቱ ብቻ ነበር፤ ነጭ ሽንኩርቱ አላንቀሳቀሰውም።

በቻይና ሻንዶንግ ግዛት በ1995 የተጀመረው ጥናት ደግሞ ሌላ ነገር ያሳየናል። ከሦስት ሺሕ በላይ ሰዎች ተሳትፈውበታል። ከፊሎቹ ለሁለት ሳምንት አሞክሲሲሊንና ኦሜፕራዞል ወሰዱ፤ ከፊሎቹ ከሰባት ዓመት በላይ የነጭ ሽንኩርት ተዋጽኦ ወሰዱ። ከ22 ዓመት በኋላ ሲታይ፣ የሁለት ሳምንቱ መድኃኒት በጨጓራ ካንሰር መያዝንም በእርሱ መሞትንም ቀንሷል። ነጭ ሽንኩርቱም በዚሁ ካንሰር የሚሞቱትን መቀነሱ ታይቷል። እኔ ከዚህ የምወስደው፣ ነጭ ሽንኩርት በወጥ ውስጥ ለዓመታት መመገብ ለጨጓራ ሊበጅ እንደሚችል፣ በባዶ ሆድ ጥሬውን ማኘክ ግን ባክቴሪያውን እንደማያስወግድ ነው። ጨጓራው የቆሰለ ሰው ጥሬ ነጭ ሽንኩርት ሲያኝክ የሚያተርፈው ማቃጠሉን ነው።

እርድስ?

ቀለም የሚሰጠው ኩርኩሚን በቤተ ሙከራ ጠንካራ ነው፤ ከአንጀት ወደ ደም የሚገባው ግን እጅግ ጥቂት ነው። በ2010 ታይላንድ ውስጥ በተደረገ ንጽጽር የሦስት መድኃኒት ሕክምናው ከመቶ 78.9 ሲያድን፣ ኩርኩሚን ብቻውን ያዳነው 5.9 ነው። ለአልጫ ይሁን።

ፌጦ፣ ጎመን፣ ብሮኮሊ አንድ ቤተሰብ ናቸው ይባላል። ይሠራሉ?

አዎን፣ አንድ ቤተሰብ ናቸው፤ የሚያቃጥለው ጣዕማቸውም ከተቀራረቡ ንጥረ ነገሮች ይመጣል። ከእነዚህ በጣም የተጠናው የብሮኮሊው ሰልፎራፌን ነው። በ2002 የታተመ ጥናት ሰልፎራፌን አንቲባዮቲክ የተላመዱትን የኤች ፓይሎሪ ዝርያዎች እንደሚገድል፣ በሴል ውስጥ የተደበቁትንም እንደሚደርስባቸው አሳየ። ከዚያ በጃፓን 48 ሰዎች ላይ ተሞከረ፦ ግማሾቹ በየቀኑ 70 ግራም የብሮኮሊ ቡቃያ ለስምንት ሳምንት በሉ። የባክቴሪያው ምልክቶች በግልጽ ቀነሱ። ቡቃያውን መብላት ሲያቆሙ ግን በሁለት ወር ውስጥ ወደነበሩበት ተመለሱ። ያዳክመዋል፣ አይነቅለውም ማለት ነው።

የእኛ የሐበሻ ጎመንና ፌጦ የያዙት የዚሁ ቤተሰብ ሌሎች ንጥረ ነገሮችን ነው እንጂ የብሮኮሊውን ያህል ሰልፎራፌን አይደለም። ንጥረ ነገሩን የሚያወጣው ኢንዛይም በረጅም ጊዜ ቅቅል ስለሚሞት፣ እኛ እንደምንሠራው በደንብ የበሰለ ጎመን ለዚህ ዓላማ ብዙ አይቀረውም። ፌጦ በሎሚ ሆድ ሲታወክ የሚሰጥ የቤት መድኃኒት ነው፤ ቁስለት ላለበት ሰው ግን የሚያቃጥል ነገር ላይ አሲድ መጨመር ነው፤ እኔ አልመክረውም።

ከዕፅዋት ከተገኙት መካከል በትልቅ ጥናት ውጤት ያሳየ የለም?

አለ፤ በርበሪን። እንደ ኮፕቲስ ካሉ ተክሎች ሥር የሚወጣ ቢጫ መራራ ንጥረ ነገር ነው፤ በቻይና ለተቅማጥ ሲያገለግል ኖሯል። በ2017 የታተመ ጥናት ከስድስት መቶ በላይ ሕሙማንን አሳትፎ፣ በአራት መድኃኒቶች ሕክምና ውስጥ በቢዝሙት ፋንታ በርበሪን ሲገባ ውጤቱ የማያንስ መሆኑን አሳይቷል።

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ የምለው ሁሉ የሚጠቃለልበት ምሳሌ ስለሆነ። በርበሪኑ የተሰጠው በተለካ መጠን፣ በክኒን መልክ፣ ከአንቲባዮቲኮቹና ከአሲድ ቀናሹ ጋር ለ14 ቀን ነው። የተካው ቢዝሙትን እንጂ አንቲባዮቲኮቹን አይደለም። ወባ ይዞዎት ኮአርተም ወስደው ከሆነ ይህን አሠራር በራስዎ ላይ አይተውታል። በውስጡ ያለው አርቴሚተር የሚሠራው አርቴሚሲያ ከተባለ ተክል ከሚወጣው አርቴሚሲኒን ነው። አርቴሚሲኒንም ቻይናዊቷ ቱ ዩዩ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ቅጠሉ ሲፈላ ኃይሉን እንደሚያጣ ተረድታ በዝቅተኛ ሙቀት ያወጣችው ንጥረ ነገር ነው፤ በ2015 የኖቤል ሽልማት አስገኝቶላታል። ያም ሆኖ አርቴሚተር ብቻውን አይሰጥም። በእያንዳንዱ ፍሬ ውስጥ 20 ሚሊግራም አርቴሚተር ከ120 ሚሊግራም ሉሜፋንትሪን ጋር አለ፤ ብቻውን ቢሰጥ የወባው ተሕዋስ ቶሎ ይላመደዋልና። በርበሪን ለነፍሰ ጡሮችና ለአራሶች አይሰጥም፤ የሕፃኑን የዓይንና የቆዳ ቢጫ መሆን ሊያባብስ ይችላል።

በሳሕን ላይ የሚገድል ነገር ሆድ ውስጥ ለምን አይገድልም?

ሳሕኑ ላይ ባክቴሪያውና ንጥረ ነገሩ ተፋጠው ለአንድና ለሁለት ቀን ይቆያሉ። ጨጓራ ግን የበላነውን በሰዓታት ውስጥ ወደ አንጀት ይሸኛል። አሲዱ ከንጥረ ነገሩ የተወሰነውን ያፈርሰዋል፤ ከምግብ ጋር ተቀላቅሎ ይሳሳል፤ የተረፈው ደግሞ ያንን ዝልግልግ ሽፋን አልፎ ከሥሩ መድረስ አለበት። ባክቴሪያውም አንዳንዴ ክብ ቅርጽ ይዞ ያንቀላፋል፤ በዚያ ሁኔታ እያለ አብዛኛው መድኃኒት አይነካውም። ኦሜፕራዞል የሚጨመረው በዚህ ምክንያት ነው፦ አሲዱ ሲቀንስ ባክቴሪያው መባዛት ይጀምራል፤ አሞክሲሲሊን የሚገድለው ደግሞ የሚባዛውን ነው። ዛሬ ብዙ ተመራማሪዎች የዕፅዋቱን ንጥረ ነገር ጨጓራ ግድግዳ ላይ ተጣብቆ በሚቆይ ጥቃቅን እንክብል ውስጥ አስገብተው ለማድረስ የሚደክሙትም ይህንኑ መሰናክል ለማለፍ ነው።

ኮሶ፣ እንቆቆ፣ ዳማከሴ፣ ጤና አዳምስ?

ኮሶና እንቆቆ የትል መድኃኒቶች ናቸው፤ ለዚያ ስማቸው የሚገባቸው ናቸው፤ ባክቴሪያ ግን ትል አይደለም። ኮሶ በዛ ብሎ ሲወሰድ ይጎዳል። ጤና አዳም በቡና ላይ ጣል የምትደረገው ቅጠል ችግር የለባትም፤ ጨምቆ መጠጣት ግን ለነፍሰ ጡር አደገኛ ነው። ከእነዚህ አንዳቸውም በኤች ፓይሎሪ የሕክምና መመሪያ ውስጥ ቦታ የላቸውም።

ተልባና አብሽ ጨጓራን ያስታግሳሉ፤ ቃሩን ሲቀንሱም አይቻለሁ። ነገር ግን ዝልግልጉ መድኃኒትዎን ይዞ እንዳያስቀርብዎ ቢያንስ በሁለት ሰዓት ያራርቋቸው።

የዕፅዋት መድኃኒት ከታዘዘልኝ ጋር አብሬ ብወስድ ይጎዳል?

የደም ማቅጠኛ ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ነጭ ሽንኩርት በብዛት ቢጨምር ደም ሊፈሰው ይችላል። ከስኳር መድኃኒት ጋር ጥቁር አዝሙድም አብሽም ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። በምግብ ውስጥ የሚገባው መጠን አያሳስበኝም። የሚያሳስበኝ በላስቲክ ተቋጥሮ፣ ምን እንዳለበት ሳይጻፍ «ለጨጓራ» ተብሎ የሚሸጠው ዱቄት ነው። ሻጩ የያዘውን ሊነግርዎ ካልፈለገ፣ እኔ መድኃኒት ደብቄ ብሸጥልዎ የሚሉኝን ለእርሱም ይበሉት።

ጾም ላይ ነኝ፤ 14 ቀን እንዴት ልጨርሰው?

ለአንድ ሳምንት ወስዶ «ፋሲካ ሲደርስ እቀጥላለሁ» ማለት ባክቴሪያውን ማሠልጠን ነው። አስቸኳይ ካልሆነ ሕክምናውን ከጾሙ በፊት ወይም በኋላ መጀመር ይቻላል፤ ሐኪሙን ይጠይቁ። አስቸኳይ ከሆነ የንስሐ አባትዎን ያማክሩ፤ ለታመመ ሰው መፍትሔ አላቸው። የጾም ምግቡ ራሱ አያስቸግርም፤ እንዲያውም ቴትራሳይክሊን ከወተት መራቁን ይወደዋል። በረመዳን የሚጾሙም መጠኑን በኢፍጣርና በሱሑር ለመከፋፈል ከመሞከራቸው በፊት ይጠይቁ፤ በቀን አራት ጊዜ የሚወሰድ መድኃኒት በሁለት አይሆንም።

በጉርሻ ይተላለፋል? ልጆቼን ላስመርምር?

ባክቴሪያው የሚተላለፈው በአብዛኛው በልጅነት፣ በቤተሰብ ውስጥ፣ ከአፍ ወደ አፍ፣ በትውከትና በሰገራ በተበከለ እጅ ወይም ውኃ ነው። ለሕፃን እህል አኝኮ ማጉረስ ይቅር። እጅ በሳሙና ይታጠብ፤ ውኃው ይፈላ። አዋቂዎች በአንድ ማዕድ ዙሪያ የሚጎራረሱትን ለማስቀረት አልደክምም፤ አብዛኛው ሰው ባክቴሪያውን ከያዘው ቆይቷል። ምንም ያላመመውን ልጅ በዘፈቀደ ማስመርመርም አያስፈልግም።

እኛ አገር በዚህ ላይ ምን ሊሠራ ይችላል?

ብዙ። ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት አክሊሉ ለማ በ1964 አድዋ ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡበት ከነበረው ቦታ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አይቶ፣ የቢልሃርዚያን አስተላላፊ ለማጥፋት የሚያስችል ምርምር ጀምሯል። እንዶድ ለሰው የሚጠጣ አይደለም፤ የነገሩ ፍሬ ግን ሕዝብ የሚያውቀውን ተክል ይዞ መለካት ነው። ከሐዋሳ እምብዛም በማይርቀው ወንዶ ገነት የሚገኘው የግብርና ምርምር ማዕከል በመዓዛማና በመድኃኒት ዕፅዋት ላይ ይሠራል። ከተማችን የሕክምና ኮሌጅ ያለው ዩኒቨርሲቲ አላት። አዲስ አበባ ያለው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋምም የባህል መድኃኒት ጥናትን ሥራው አድርጓል። እኔ ማየት የምመኘው፣ ከሕሙማን ጨጓራ የተወሰደውን የእኛኑ ባክቴሪያ የትኞቹን መድኃኒቶች እንደተላመደ ከለዩ በኋላ፣ የእኛኑ ጥቁር አዝሙድ በተለካ መጠን ከአራቱ መድኃኒቶች ጎን አሰልፈው በሰው ላይ የሚፈትኑ ባለሙያዎችን ነው። ለዚህ ቅመሙም ሐኪሙም ሕመምተኛውም እዚሁ አሉ።

መድኃኒት ቤት ሳልሄድ በቀጥታ ሆስፒታል መሄድ ያለብኝ መቼ ነው?

ደም ወይም የቡና አተላ የሚመስል ነገር ካስታወከዎ፣ ቢዝሙት ሳይወስዱ ሰገራዎ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ሳይፈልጉ ከከሱ፣ ምግብ ሲውጡ ከተቀረቀረብዎ፣ ወይም ደም አንሶዎታል ከተባሉ ያኔውኑ ይሂዱ። ለወገብና ለራስ ምታት ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን የሚያዘወትሩ ከሆነም ይናገሩ፤ እነርሱም ያለ ባክቴሪያ ጨጓራን ያቆስላሉ።

ወደ ሐኪም ስሄድ ምን ይዤ ልሂድ?

ከዚህ በፊት የወሰዷቸውን መድኃኒቶች ባዶ ካርቶኖች፣ ከሌሉ ስማቸውን ጽፈው። ለጨጓራ ብቻ የወሰዱትን ሳይሆን ለአሜባ፣ ለጃርዲያ፣ ለሳልና ለጥርስ የወሰዱትንም። የተመረመሩበትን ወረቀት፤ የደም ይሁን የሰገራ የሚለው እንዲታይ። ቅጠል፣ ሥር ወይም ዱቄት እየወሰዱ ከሆነ ጥቂቱን በወረቀት ጠቅልለው ይዘው ይሂዱ። ሐኪሙ ይቆጣኛል ብለው አይደብቁት፤ ቢቆጣም ይንገሩት።